እሁድ የተሸፈነ ቡና

ኢንስፔክተር አክሱማዊት ከገደብ ተነስታ ወርቃ ስትደርስ፣ አምሃ በገዛ ራሱ የቡና ማጠቢያ ግቢ ከማድረቂያው አልጋ ሥር በጎኑ ወድቆ ነበር። ግንባሩን የአልጋው የብረት ማዕዘን ፈንክቶታል። አልጋው ላይ የተሰጣው ቡና በሸራ ተሸፍኗል። ዕለቱ እሁድ ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ ጸሎት ቤት ነበር።

ሬሳውን ከሰዓት በኋላ ያገኘችው በዲላ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ናፍቆት ናት።

«ምን ፈልገሽ መጣሽ?»

ናፍቆት አንገቷን ደፋች። «ዘመድ ፍለጋ። ዲላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተጥዬ ነው የተገኘሁት፤ ያደግሁት ማሳደጊያ ነው። እዚህ ደግሞ ሰው ሰላም ካለ በኋላ ‹የማን ልጅ ነሽ?› ይላል። መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ጋሽ አምሃ ግን ‹ያኔ እናትሽን በመኪናዬ ዲላ ያደረስኳት እኔ ነኝ። እሁድ ከሰዓት እግቢዬ ነይ፣ አገናኝሻለሁ› አሉኝ።»

ቀጥሎ የቀረበው የሟች ታናሽ ወንድም ደበበ ነው። ዲላ ሱቅ አለው።

«‹የወንድምህ ዲቃላ መጣች› ብለው ሲያሙን ከረሙ» አለ። «ጠዋት መጥቼ ተጣልተናል፣ አልክድም። በሕይወት ትቼው ነው የሄድኩት።»

«ቡናው ላይ ሸራ ያለበሰው ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ዝናብ ፈርተው ይሆናላ።»

አክሱማዊት ቀና አለች። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም።

የማድረቂያው ኃላፊ ቦንቱ በጸሎት ቤቱም የሴቶች መሪ ናት። ነጭ ሻርፗን አስተካክላ ተቀመጠች።

«እስከ መጨረሻው መዝሙር ጸሎት ቤት ነበርኩ።»

«እትዬ ቦንቱ፣ ቡና ለምንድነው የሚሸፈነው?»

«ኧረ ኢንስፔክተር፣ የሻይ ሰው ነዎት እንዴ?» ፈገግ ልትል ቃጣት። «የቀትር ፀሐይ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። ካልሸፈኑት ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ከሰዓት ፀሐዩ ሲበርድ መልሰን እንገልጠዋለን።»

«እሁድስ?»

«ጋሽ አምሃ ይሸፍናሉ፤ እኔ ከሰዓት መጥቼ እገልጣለሁ።»

አክሱማዊት ወደ አልጋው ተመልሳ ሸራውን ገለጠች። ፍሬው ላይ ደም ተረጭቶ ደርቋል። ሸራውን በሁለቱም በኩል አገላብጣ አየችው፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ መዘምራኑን አነጋግራ ስትመለስ ሦስቱንም መጋዘኑ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ደሙ ቡናው ላይ አለ፣ ሸራው ላይ ግን የለም። ስለዚህ አቶ አምሃ ሲወድቁ ቡናው ገና አልተሸፈነም ነበር። ደሙ እስኪደርቅ አንድ ሰው አጠገባቸው ተቀምጧል። ፀሐዩ ሲበረታ ተነስቶ ሸፈነ። ሬሳ አጠገብ ሆኖ ለቡና የሚያስብ ማነው? ናፍቆት አይደለችም፤ አስተማሪ ናት፣ የቡና ሥራ አታውቅም። አቶ ደበበም ሸራ የዝናብ ይመስላቸዋል። ሳያስበው የሸፈነው የለመደ እጅ ነው።»

ቦንቱ እጆቿን ሻርፗ ሥር ደበቀች።

«እትዬ ቦንቱ፣ እርስዎ ስብከቱ ሲጀመር ወጥተው ለመጨረሻው መዝሙር እንደተመለሱ መዘምራኑ ነግረውኛል። ምክንያቱን ግን የነገረኝ የአቶ አምሃ ቀጠሮ ነው። ናፍቆትን እናቷን እንድታገኝ የቀጠሯት እዚህ፣ እሁድ ከሰዓት ነው። እሁድ ከሰዓት እዚህ ግቢ የምትመጣ ሴት አንድ ብቻ ናት።»



«ቀጠሮውን እንዲተወው ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለች ቦንቱ። «ባሌ አያውቅም፣ ልጆቼ አያውቁም። ጉባኤ ፊት ቆሜ ልጃገረዶችን ስለ ንጽሕና የማስተምር እኔ ነኝ። ‹ይብቃሽ፣ ትወቅሽ› አለኝ። ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም።»

ናፍቆት ስትመጣ በመንገድ ያዘጋጀችው ጥያቄ ብዙ ነበር። አንዱ ብቻ ወጣላት።

«ስሜን ማን ብለውት ነበር?»

«ስም አላወጣሁልሽም። ባወጣልሽ ኖሮ መተው አልችልም ነበር።»

ቦንቱ ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። ወደ መኪናው ሲወስዷትም አልገለጠችውም።

ገደብ ፖሊስ ጣቢያ፣ የምስክር ቃል የሚቀበለው ፖሊስ ከወረቀቱ ቀና ሳይል ጠየቀ።

«ከተጠርጣሪዋ ጋር ዝምድና አለሽ?»

ናፍቆት ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈልገው የኖረችውን መልስ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች እንዳይሰሟት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ልጇ ነኝ።»