አማቴ በልባቸው የያዙት ስም

እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን በሉኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የማየው ማኅተም፣ ፊርማና ወረቀት ነው፣ ሰው መጥቶ «እነ እገሌ ቤት ጣሪያ ላይ ወርዋሪው የማይታይ ድንጋይ ይወርዳል» ሲለኝ «ወርዋሪውን ፎቶ አንስታችሁ አምጡት፣ በነጻ አባዛላችኋለሁ» ብዬ የምሸኝ ነኝ። ባሌ ጌታሁን እንኳ «ሰብለ፣ አንች እኮ መልአክ ቢመጣ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ይለኛል። ስለዚህ ይህን የማወራው ለወሬ ብዬ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ሆኖብኝ ነው፣ የሆነውም በጠራራ ፀሐይ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ባለበት ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ስለ አማቴ ልንገራችሁ። እማማ የውብዳር ይባላሉ፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው ቤታቸው፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በቆሎውንም ዳጉሳውንም ራሳቸው ቆመው የሚያሳርሱ ብርቱ ሴት ናቸው። በእነሱ ቤት ሙሽራ ስትገባ አማት ስም ታወጣላታለች፣ ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ የምትጠራው በዚያ ስም ነው። ትልቋን ምራታቸውን ወርቄ አሏት፣ ሁለተኛዋን እንኳየ አሏት፣ እኔን ግን ምንም አላሉኝም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት «አንች» ነኝ፣ ዞር ስል ደግሞ «የጌታሁን ሚስት»። ለምን ብትሉ፣ እኔና ጌታሁን ሽማግሌ ሳንልክ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ፈርመን ነው የተጋባነው፣ እሳቸው ማሳ ላይ እህል እየሰበሰቡ ሳሉ ከመንገደኛ ሰሙት። ጥፋት ነው፣ አልክድም፣ ይቅርታም ስንት ጊዜ ጠይቄአለሁ። ግን ክርስትና ቤት፣ ልቅሶ ቤት ስንሰበሰብ ምራቶቹ በአማት ስማቸው ሲጠራሩ እኔ ጓዳ ገብቼ ዕቃ አጥባለሁ። ግድ የለኝም እል ነበር፣ ውሸቴን ነው፣ ያንገበግበኝ ነበር።

መንገዱ ደህና በነበረ ሰሞን የሰፈራችን ዕድር የባሕር ዳር ጉብኝት አዘጋጀ። «ሦስት በአንድ» ነበር ያሉት፣ ጠዋት ከተማውን በአውቶቡስ፣ ቀጥሎ ጣናን በጀልባ፣ ከሰዓት በኋላ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። እማማ የውብዳር በዚህ ዕድሜያቸው ከቡሬ አልፈው አያውቁም፣ እኔ ቀድሜ «እወስዳቸዋለሁ» አልሁ። ይኼኔ የባሌ እህት ደብሪቱ፣ ምላሷ ምላጭ ነው፣ ዘመድ በተሰበሰበበት «እናቴን ለዚች? የሆነ ቦታ ጥላት ነው የምትመጣ!» አለች። ደሜ ፈላ። «እናትሽን ልክ እንደወሰድኋቸው ባልመልስ የዚህን ቤት ደፍ ሁለተኛ አልረግጥም!» ብዬ በሰው ሁሉ ፊት ማልሁ። እንግዲህ እዩት፣ ለሽርሽር ብዬ ዘመዴን ሁሉ አስያዝሁ።

ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ከፍኖተ ሰላም ተነሣን፣ ቡሬ መገንጠያው ላይ እማማ የውብዳር ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ባጃጆቹ መሀል ቀጥ ብለው ቆመው አገኘናቸው። ደብሪቱ ናት ይዛቸው የመጣች፣ እኔን አየችኝና እንዳላየች ሆነች፣ ታውቁት የለ ያንን አስተያየት። አማቴን ከጎኔ፣ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኋቸው። አስጎብኚያችን ሙሉቀን የሚባል አፈ ጮሌ ሰው ነው፣ ማይክ ይዞ ሲያስቀን፣ ሲያስጨበጭበን ቆየና እንጅባራን ካለፍን በኋላ ሰውም ደከመው፣ እሱም ተቀመጠ፣ ሁሉም ማንቀላፋት ያዘ።

«አዝመራ!»

የሴት ድምፅ ነው፣ ከኋላዬ ነው፣ ጥርት ያለ። «አቤት!» ብዬ ዞርሁ። ከኋላ ያሉት ሁሉ አፍጥጠው ያዩኛል። ልብ በሉ፣ ስሜ ሰብለ ነው፣ አዝመራ የሚባል ዘመድም ጎረቤትም የለኝም፣ ግን አንደበቴ ልክ የገዛ ስሜን እንደሰማ ሰው አቤት አለ። «ማን ነው የጠራኝ?» ስል «ኧረ ማንም!» አሉኝ። ሙሉቀን ማይኩን አንሥቶ «አዝመራ የምትባል እናት አለችን?» አለ፣ ዝርዝሩንም አየ፣ የለችም። «እህታችን በሕልሟ ቀድማን ባሕር ዳር ገብታለች» ብሎ አውቶቡሱን ሙሉ አሳቀብኝ። እማማ የውብዳር ብቻ አልሳቁም። የጃንጥላቸውን እጀታ ጨብጠው በጎን አዩኝ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አሳፈርኋቸው ብዬ ተሸማቀቅሁ።

ባሕር ዳር ስንገባ ግን ቀኑ ቀን ሆነልን። ዘንባባው በሁለት ረድፍ የቆመበትን መንገድ ሲያዩ «ይህን ሁሉ ተክለው ፍሬው አይበላም?» አሉኝ፣ አይበላም ስላቸው «ታዲያ ምን ሊሆናቸው!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥተን ከተማዋና ዓባይ ከታች ሲታዩ ግን ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆሙና «አንች፣ ይህን ሳላይ ልሞት ነበር እኮ» አሉኝ። ደስታዬን አልነግራችሁም። ጀልባው ላይ ያንን ብርቱካናማ መንሳፈፊያ በነጠላቸው ላይ ሲያስሩላቸው «ይህማ የአህያ ኮርቻ ነው» ብለው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ በአሥራ አራት ዓመት አንድ ላይ ስንስቅ የመጀመሪያችን ይመስለኛል።

እዚያው፣ ጣና መሀል፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ሁለተኛ ተጠራሁ። «አዝመራ!» ከግራ በኩል፣ ከውኃው ወገን፣ ሰው ሊቆምበት ከማይችልበት። «አቤ...» ብዬ አፌን ያዝሁ። ውኃው ባዶ ነው፣ ወፍ እንኳ የለበትም። እማማ የውብዳር ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም እማማ፣ ጆሮዬ ነው።»

«ስሚ፣ እኛ ዘንድ ያላዩት ሰው ሲጠራ ቶሎ አቤት አይባልም። ሁለተኛ እስኪጠራ ይጠበቃል። ደግ ከሆነ ይደግማል፣ ክፉ ከሆነ አንዴ ጠርቶ ዝም ይላል።»

እኔም በሆዴ «አይ የገጠር ነገር» አልሁ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ጢስ ዓባይ የደረስነው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፣ ውኃው ሞልቶ ያጓራል፣ ርጭቱ ከሩቅ ፊታችንን ያረጥበው ነበር፣ ጎን ለጎን የቆመ ሰው ለማውራት ጆሮ ውስጥ መጮህ አለበት። ዕድርተኛው «ሰብለ፣ ስልክሽ ጥሩ ነው፣ በአንድ ላይ አንሽን!» አለኝ፣ እኔም እማማን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ጀርባዬን ሰጠሁ። ስንት ፎቶ አነሣሁ? ሦስት? አራት? ዘወር ስል ድንጋዩ ላይ ጃንጥላው ብቻ አለ።

ወይኔ! ሮጥሁ ወደዚህ፣ ሮጥሁ ወደዚያ፣ «እማማ! እማማ የውብዳር!» እላለሁ፣ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማውም። ሙሉቀን በድምፅ ማጉያው ጠራ፣ ፏፏቴው ዋጠው። ሞባይል የላቸው! ሰዎቹ «ወደ አውቶቡሱ ተመልሰው ይሆናል» ብለው ሽቅብ ወደ መንገዱ ሄዱ፣ ሙሉቀንም «ወደታች አትሂጂ፣ ያንሸራትታል፣ በዚያ በኩል ሰው አይወርድም» ብሎኝ ተከተላቸው። ብቻዬን ቀረሁ። ያን ሰዓት ፊቴ ላይ የመጣችብኝ ደብሪቱ ናት፣ ቡሬ መገንጠያው ላይ ቆማ «እናቴስ?» ስትለኝ። ከዚያ ደግሞ እሷን ረሳኋት፣ የታዩኝ እማማ ጀልባው ላይ በዚያ «ኮርቻ» ሲስቁ ነው። ጃንጥላቸውን አቅፌ አለቀስሁ።

«አዝመራ!»

በዚህ ጊዜ ከኋላም ከውኃም አልነበረም፣ ጆሮዬ ሥር ነው፣ ለስለስ ብሎ፣ በር በተዘጋበት ቤት ውስጥ እንደሚያወራ ሰው። የፏፏቴው ጩኸት የት እንደሄደ አላውቅም፣ ማርያምን፣ ለአንድ አፍታ ምንም አይሰማም ነበር፣ ያ ድምፅ ብቻ። አማቴ ያሉኝ ትዝ አለኝ፣ ሁለተኛ እስኪጠራ ጠብቂ። ማን ይጠብቃል! «አቤት!» አልሁ ባለኝ ጉሮሮ ሁሉ፣ ጫማዬን ወርውሬ አትሂጂ ወደተባልሁበት፣ ወደታች ወረድሁ። አንዴ ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ተነሣሁ። ከቁጥቋጦው ጀርባ፣ ውኃው ዳር፣ እማማ የውብዳር አንድ እግራቸው በሁለት ድንጋይ መሀል ተቀርቅሮ፣ የሾላ ሥር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እስከ ወገባቸው ርሰው አገኘኋቸው። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሯት የፕላስቲክ ጠርሙስ ዓባይን ሞልታለች፣ ለካ ለቤት ጠበል ሊቀዱ ነው የወረዱት። ሥሩ ቢነቀል አልቆ ነበር።

እንዴት እንዳወጣኋቸው አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም። ድንጋዩን ገፋሁት፣ እግራቸውን መዘዝሁት፣ አዘልኋቸው፣ ጠርሙሱንም አልለቅም ብለው ከነጠርሙሱ አዘልኋቸው፣ ያን አቀበት በባዶ እግሬ ወጣሁት። ዕድርተኛው ከላይ ሲያየን እልልታው ቀለጠ። ሙሉቀን ያ አፈ ጮሌ ድምፅ ማጉያውን ብብቱ ሥር ወሽቆ ሲያጨበጭብ አየሁት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

አውቶቡሱ ውስጥ እግራቸውን ሳሽላቸው እጄን ያዙኝ።

«እንዴት ሰማሽኝ?»

«ጠሩኝ እኮ እማማ።»

«አፌን አልከፈትሁም ልጄ። ብከፍትስ በዚያ ጩኸት ማን ሊሰማኝ? በልቤ ነው የጠራሁሽ። ‹አዝመራ፣ ድረሽልኝ› አልሁ በልቤ።»

እግራቸውን ማሸቱን ተውሁት። ከዚያ እንባቸውን እየጠረጉ ነገሩኝ፣ የእኔንና የጌታሁንን ጋብቻ ማሳ ላይ በሰሙ ዕለት ተናደዋል፣ ግን ስም ወዲያው መጣላቸው፣ በአዝመራ ጊዜ የመጣች ናትና አዝመራ። ለማንም አልተናገሩትም፣ ለልጃቸውም ለንስሐ አባታቸውም፣ ቂሙ እስኪለቃቸው ብለው ሲያቆዩት አሥራ አራት ዓመት ሆነ። «አንች ዛሬ አቤት ባትይ ኖሮ ይዠው ልሄድ ነበር» አሉኝ። ሁለታችንም ተላቀስን፣ ኋላ ያሉትም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አለቀሱ።

ቡሬ ስንደርስ ደብሪቱ ከእነባሏ ቆማለች። እናቷ ሲያነክሱ አይታ አፏን ልትከፍት ስትል እማማ የውብዳር ጃንጥላቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና «ዝም በይ! አዝመራ ባትኖር ሬሳዬን አታገኚውም ነበር» አሉ። «አዝመራ ደግሞ ማናት?» አለች። በጃንጥላቸው እኔን አሳዩዋት። «ስሟ ነው። ጥሪያት።» ደብሪቱ እኔን አየች፣ እናቷን አየች፣ ምራቋን ዋጠችና «አዝመራ... እንኳን በሰላም ገባችሁ» አለች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እኔ ያን ቃል በወርቅ አልለውጠውም! ከዚያ ወዲህ ክርስትና ቤት ጓዳ ገብቼ ዕቃ አላጥብም፣ በወርቄና በእንኳየ መሀል ነው የምቀመጠው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን አንድ ቀን ቁጭ ብለን «እማማ፣ አውቶቡስ ውስጥስ፣ ጣና ላይስ ለምን ጠሩኝ?» አልኋቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን ጉርሻ አስቀመጡት።

«እኔ የጠራሁሽ አንድ ጊዜ ነው፣ ፏፏቴው ሥር። አውቶቡስ ውስጥ ስትጠሪ እኔም ሰምቻለሁ። ጣና ላይም ሰምቻለሁ። በልቤ ያለውን ስም ማን አወቀብኝ ብዬ ነው ክንድሽን የያዝሁ።»

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ ብያችኋለሁ፣ ምክንያት ፈለግሁ፣ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። አሁን ቤተሰቡ ሁሉ አዝመራ ይለኛል፣ የሱቄ ደንበኞችም ለመዱት፣ ስለዚህ ስጠራ ማን እንደጠራኝ ሳላይ አቤት አልልም። ማሽኑን አቁሜ እጠብቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ሰው ይደግመዋል።

ባለፈው እሑድ እማማ የውብዳር ቤት ምሳ ላይ ነበርን፣ ሁለታችን ብቻ፣ ውጭው ፀሐይ፣ በሩ ክፍት። ከግቢው «አዝመራ!» የሚል የሴት ድምፅ መጣ፣ ያው ጥርት ያለው። እማማ ክንዴን ያዙኝ፣ እኔም እጃቸውን ያዝሁ። ተያይዘን፣ አፋችንን ዘግተን፣ እስኪደገም ጠበቅን። አልተደገመም።