ለአባባ ማን ነገራቸው?

«የእንክብካቤዋን ነገር ይተዉት!» አለ ሙዓዊያ ጉልበቱን በእጁ እየመታ። «ልጅቱ አባቴን በምላሷ ነው የገደለቻቸው!»

«አባትዎ በሕይወት አሉ እኮ» አሉ እንግዳው ረጋ ብለው።

«አሉ። ግን አወቁ።»

ሙና የሻይ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እናቷ ሸሪፋ በዓይኗ «ግቢ» አለቻት። ገብታ ለእንግዳው ሻይ አቀረበች።

እንግዳው አቶ ጸጋው ይባላሉ። የማይድን ሕመም የያዛቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሚያስታምም ድርጅት ደሴ ውስጥ አለ፤ አቶ ጸጋው ደግሞ የነርሶቹ ሥራ እንዴት እንደሆነ ቤተሰቦችን እየዞሩ የሚጠይቁ ናቸው። ዛሬ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ የመጡት አጎቷ ሙዓዊያ በስልክ ያሰማውን ስሞታ ሊያጣሩ ነው። ስሞታው በሲስተር ሥርጉት ላይ ነው። «አባቴን እንደሚሞቱ ነግራቸዋለች፤ ሁለተኛ ደጃፋችንን እንዳትረግጥ» ብሎ ነበር።

ሙና ትሪዋን አስቀምጣ መውጣት ነበረባት። አልወጣችም። በሩ ሥር ያለች ዱካ ላይ ተቀመጠችና ጣቶቿን እርስ በርስ ቆላለፈቻቸው። አያቷን፣ አባባ በሺርን፣ እንደሚሞቱ የነገረቻቸው ሲስተር ሥርጉት አይደለችም። ሙና ናት። ይህን የሚያውቁት ደግሞ እሷና አባባ ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ በሺር የአሰብን መንገድ በተሳቢ ሲመላለሱ ያረጁ ሹፌር ናቸው። ጉበታቸው ላይ ካንሰር መኖሩን ሐኪሙ የነገረው ለሙዓዊያ ነበር። እሱና እህቱ ሸሪፋ ተማክረው «ጨጓራ ነው እንበላቸው» ተባባሉ። በዚህ አገር ይህ ብርቅ አይደለም፤ ለሕመምተኛ ሞቱን የሚያረዳ ሰው ጨካኝ ይባላል እንጂ እውነተኛ አይባልም። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ሙና ወጣ ብላ «ጨጓራ ነው ያልናቸው» ብላ ታንሾካሹካለች። ጠያቂውም ገብቶ ስለ ጨጓራ ያወራል፤ ተልባ የሚል አለ፣ አብሽ የሚል አለ። አንዲት ጎረቤትማ የራሷን ጨጓራ ስታማርር ውላ፣ በሕመምተኛው ተጽናንታ ሄደች።

ሲስተር ሥርጉትም ስትመጣ ይኸው ተነገራት። «ሳይጠይቁኝ አልነግራቸውም፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም። ባይሆን እናንተው ብትነግሯቸው ይሻላል» ብላ መለሰች። ሙዓዊያ ያን ጊዜ ዝም ቢልም ነገሩን በሆዱ ይዞት ነበር።

ሙና በነገረቻቸው ቀን ሥርጉት ጠዋት መጥታ፣ የአባባን ጀርባ አጥባ፣ መድኃኒታቸውን አዘጋጅታ ተመለሰች። ሸሪፋ ገበያ ሄዳ ስለዘገየች ከሰዓት በኋላ ከአያቷ ጋር የቀረችው ሙና ናት። የክፍላቸው ልጅ ልደት ነበር፤ ጓደኛዋ ሀኒ ደግሞ ስልኩን አላስቀምጥ ብላታለች። «የት ነሽ አንቺ? ኬኩ ሊቆረስ ነው እኮ!» ሙና ለአያቷ የሚጠጣውን የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን ሳትሰጥ መውጣት አትችልም። አባባ ደግሞ አፋቸውን ገጠሙ።

«ለጨጓራ ይህን የሚያፈዝ መድኃኒት ማን ይጠጣል?» አሉ። «ይልቅ ያን ኮቴን ተኩሺልኝ። ሰሞኑን ሐርቡ ወርጄ ሁለት እግር ማንጎ እተክላለሁ።»

«አባባ፣ በአላህ ይጠጡልኝ።»

«አልጠጣም አልኩ። ጨጓራ ሰው ገድሎ አያውቅም።»

ስልኳ እንደገና ጮኸ።

«ጨጓራ አይደለም!» ብላ ጮኸች ሙና። «ካንሰር ነው! አይድንም! ሐርቡም የትም አይሄዱም!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሙና ያንን ቃል መልሳ ብትውጠው በወደደች። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆዩ። ከዚያ «እሺ፣ አምጪው» አሉና መድኃኒቱን ጠጡ። አፋቸውንም በእጃቸው ጠረግ አድርገው «ሂጂ እንግዲህ፣ ልደቱ እንዳያመልጥሽ» አሏት።

እሷም ሄደች። ሄዳ ኬክ በላች፤ ፎቶም ተነሳች። ከሁሉ ከሁሉ አንጀቷን የሚበላት ይኸው ነው፤ ሄዳ ኬክ መብላቷ።

ወደ ቤት ስትመለስ አባባ ልጆቻቸውን አስቀምጠው «ሞቴ ቀርቧል፤ ያስቀየምኩትን ሰው ሁሉ ጥሩልኝ፤ አውፍ ይበለኝ» እያሉ ደረሰች። የወሎ ሙስሊም አውፍ ሳይባል፣ የበደለው ሰው ይቅር ሳይለው፣ መሞትን አጥብቆ ይፈራል። ሸሪፋ ታለቅሳለች። ሙዓዊያ ዓይኑ ደም ለብሶ «ማን ነገራቸው?» ይላል። ጠዋት የመጣው ማን ነው? ሥርጉት። አልነግርም አልዋሽም ስትል የነበረችውስ? ሥርጉት። በቃ፣ ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። ሙና ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ የአጎቷን ፊት ስታይ ግን መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ለሀኒ ነገረቻት።

«አንቺ ደሞ! ማን አየሽ?» አለች ሀኒ። «ሲስተሯ እንደሁ ሌላ ቤት ትመደባለች። አጎትሽን ታውቂው የለ? ቢሰማ ይጨርስሻል። አርፈሽ ቁጭ በያ!»

ሙና አርፋ ቁጭ አለች። ምክሩ ልትሰማ የምትፈልገውን የሚነግራት ስለሆነ መጀመሪያ ተስማምቷት ነበር። ቤት ውስጥ ግን ማረፍ አልተቻለም። አውፍ ለመባባል የሚመጣው ሰው በዛ። የአባባ የድሮ ረዳት አቶ ስማቸው ከገራዶ ድረስ መጡ። አባባ በወጣትነታቸው ተናደው በረሃ መሐል ከመኪና አውርደዋቸው ሄደው ኖሯል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህን አንስተው መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥሎ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሙና ከበር ሆና ስታያቸው ደስ ሊላት ፈለገ፤ ግን ምን ፊት ይዛ ደስ ይላታል? ሥርጉት ከቀረች ወዲህ የአባባ ጀርባ መላጥ ጀምሯል። ሸሪፋ ስታገላብጣቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ያቃስታሉ። የሞርፊኑም ጠርሙስ ወደ ማለቁ ነው።

«እስቲ ወይዘሮ ሸሪፋ» አሉ አሁን አቶ ጸጋው። «ስሞታውን ለጊዜው እንተወውና፣ ሥራዋ እንዴት ነበር? በቀጠሮዋ ትመጣለች?»

ሸሪፋ ወንድሟን በጎን አየችው። «ትመጣለች። ዝናብም ቢሆን ትመጣለች።»

«ሕመሙ ሲበረታ ብትደውሉ ታነሳለች?»

«ታነሳለች። አንዴ የእነሱ በዓል መሆኑን ረስቼ ደወልኩላት። ከገበታ ተነስታ መጣች።»

«አያያዟስ?»

ሸሪፋ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ወላሂ፣ መዋሸት አልችልም። እንደ ወለዷት ነው የምታጥባቸው። ገላቸውን ሸፍና፣ ሳታሳፍራቸው። እንዴት እንደማገላብጣቸው ያሳየችኝ እሷ ናት። ክርስቲያን ናት፤ ግን ለሶላታቸው የውዱእ ውኃ ሳታቀርብላቸው አትወጣም።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» አለ ሙዓዊያ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ ሊያለቅስ የቀረበ ሰው ድምፅ ነበር። «አባቴ ማንጎ እተክላለሁ ሲሉ ነበር እኮ! አሁን ስለ ከፈን ነው የሚያወሩት። ይህን በሌላ ሰው አባት ላይ እንዳትደግመው ነው የምፈልግ።»

አቶ ጸጋው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቤተሰቡን ሳታማክር ነግራ ከሆነ ከባድ ጥፋት ነው፤ ቤት ለቤት መሥራቷ ይቀራል። እሷ ግን አልነገርኩም ብላለች። ከፈቀዳችሁ ራሳቸውን ልጠይቃቸው።»

ተያይዘው ወደ አባባ ክፍል ገቡ። ሙና ከሁሉም ኋላ ገብታ ከግድግዳው ተለጠፈች። አባባ ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል፤ ግን እንግዳው ከደሴ መምጣታቸውን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት «ሐረጎ ላይ ጭጋግ አለ?» ብለው ነው። የድሮ ሹፌር መንገድ አይረሳም።

«አለ፣ አባባ። በመብራት ነው የወረድነው» አሉ አቶ ጸጋው አጠገባቸው እየተቀመጡ። «ስለ ነርሷ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ። ጥሩ ሠርታለች ይላሉ?»

«ሥርጉት?» አሉ አባባ። ትንፋሻቸውን ለመሰብሰብ ቆም አሉ። «ደጉ የሚባል መካኒክ ነበረን። ያረጀ መኪና ስትወስድለት አዲስ አደርገዋለሁ ብሎ አይዋሽህም። ‹ቁልቁለቱን በቀስታ ውረድ፣ ታደርስሃለች› ይላል። ታደርስህማለች። እሷም እንደሱ ናት።»

«እንደሚሞቱ የነገረችዎ እሷ ናት?»

አባባ ወደ ሙና አላዩም። ሆን ብለው እንዳላዩ አወቀች።

«ማንም አልነገረኝ። ሰውነቴ ነው የነገረኝ።»

«አባ፣ እሷን ሊሸፍኑ ነው!» አለ ሙዓዊያ። «ልብዎ ስለሚራራ ነው እንጂ...»

«ወላሂ፣ ማንም አልነገረኝም!»

አባባ በሺር በእውነት እንኳ መማል የማይወዱ ሰው ናቸው። ገበያ ላይ ሲምሉ የሚሰሟቸውን ነጋዴዎች «አላህን ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት ትጠሩታላችሁ?» እያሉ ሲቆጡ ሙና ስንት ጊዜ ሰምታለች። አሁን የዕድሜያቸውን ጥፋት አንድ በአንድ ይቅር እያስባሉ ባሉበት ሰዓት፣ ለእሷ ብለው አዲስ ጨመሩ።

«ያች ልጅ በኔ ሰበብ ከዚህ ቤት ተከፍታ ሄደች» አሉ አባባ ድምፃቸው እየደከመ። «ጥሩልኝ። እሷ አውፍ ሳትለኝ አልሄድም።»

አቶ ጸጋው ተነሡ። «እንግዲህ ሁለት የማይገናኝ ቃል ይዤ ልመለስ ነው» አሉ ለሙዓዊያ። «ስሞታውን ካላነሱ እሷ እዚህ ቤት ልትላክ አትችልም።»

«አላነሳም» አለ ሙዓዊያ።

«አጎቴ» አለች ሙና።

«ምንድን ነው? ለእንግዳው ሻይ ጨምሪ።»

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

ሙዓዊያ ያልሰማ ይመስል አያት። ሙና ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ቀጠለች፤ ካቆመች እንደማትጀምረው ታውቃለች። «መድኃኒቱን አልጠጣም ሲሉኝ ተናደድኩ። ልደት ልሄድ ቸኩዬ ነበር። ጮህኩባቸው። ካንሰር ነው፣ አይድንም አልኳቸው። ሲስተር ሥርጉት ምንም አላለቻቸውም።»

«ያ አላህ!» አለች ሸሪፋ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና።

«ልጅ ናት» አሉ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ልጅ ናት፣ ሙዓዊያ። ተዋት።»

ሙዓዊያ አልመታትም፤ አልጮኸባትምም። «በዚህ ሰዓት አባቴን በሐሰት ያስማልሻቸው አንቺ ነሽ» አለ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ወደ ግቢ ወጣ። ቢጮህባት በተሻላት ነበር። ሙና ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብላ፣ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። የአባባ እጅ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ወደ እሷ ተዘረጋ፤ አልደረሰባትም። እሷ ተጠግታ ያዘችው።

«እንዲህ ከሆነ ለሥርጉት እኔ እደውልላታለሁ» አሉ አቶ ጸጋው።

«አይ፣ እኔ ልደውልላት» አለች ሙና።

«ምን ልትያት?» አለች ሸሪፋ። ሙና እጇን ዘረጋች። ሸሪፋ ትንሽ አመነታችና ስልኳን ሰጠቻት።

ግቢው ውስጥ ሙዓዊያ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሙና ከእሱ ራቅ ብላ ደወለች። ሥርጉት ወዲያው አነሳችው።

«ሄሎ፣ ሸሪፋ! ምነው፣ አባባ አመማቸው? መድኃኒቱ አለቀ እንዴ? ጀርባቸውስ እንዴት ነው?»

ስለ ስሞታው፣ ስለ መባረሯ አንድ ቃል አላነሳችም። ሙና ስልኩን ዘግታ ነገሩን ለአቶ ጸጋው መተው ትችላለች፤ ሰውየው እንደውም በጨዋ ቃል ነበር የሚነግሩላት።

«ሸሪፋ? አይሰማሽም?»

«ሙና ነኝ፣ ሲስተር» አለች። «አባባ አሉ። ጀርባቸው ተልጧል፤ ይፈልጉሻል። ግን ከመምጣትሽ በፊት እኔን ስሚኝ።»