ማንም ያልሰራው አልጋ

«ይቺን ነው የምፈልገው። ልክ እንደዚህ፣ ምንም ሳይቀየር» አሉ ሴትየዋ ስልካቸውን ወደ ልጅቷ አስጠግተው።

ልጅቷ መሳቢያውን ቫርኒሽ እየቀባች ነበር፤ ብሩሹን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ስክሪኑ ላይ ያለውን የህፃን አልጋ በእናቷ የእንጨት ስራ ቤት ፔጅ ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት። እንደ ቅጠል የታጠፈ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ሲያዩት አየር ላይ የሚንሳፈፍ የሚመስል አልጋ ነው።

ሴትየዋ አዋላጅ ነርስ ናቸው፤ ከስራ በቀጥታ ነው የመጡት። «ሰላሳ ዓመት የሰው ልጅ ስቀበል ኖሬ አሁን የልጄን ልቀበል ነው» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ስምንት ዓመት ጠብቃ ነው ያረገዘችው። ይቺን ፎቶ ብልክላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹እማ፣ ሌላ አልጋ እንዳታሳዪኝ!›»

የልጅቷ እናት ከሽርጧ ላይ ሰጋቱራ እያራገፈች መጣች። ሰፈሩ «ወይዘሮ መዶሻ» ይላታል። ሱቁን ከአባቷ ተረክባ ሃያ ዓመት የሰራችበት፣ ለሳቅም ለቁጣም የማትቸኩል ሴት ናት። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ተቀበለች። በሁለት ጣቷ ምስሉን አሳድጋ ደግማ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ልጇን አየቻት። የልጅቷ ጆሮ ሳይቀር ጋለ።

«ነገ በዚሁ ሰዓት ይምጡና እንነጋገር፣ እትዬ» አለች ስልኩን እየመለሰች።

ሴትየዋ ከበሩ እንደራቁ ወደ ልጇ ዞረች። «የማን ስራ ነው?»

«የማንም።»

«የማንም ማለት?»

«ምስል የሚፈጥር አፕ ነው ያወጣው፣ እማ። ‹እንደ ቅጠል የሆነ የህፃን አልጋ› ብዬ ጻፍኩለት፣ አወጣው።» «አንቺ የሰራሽውን ስለጥፍ አስራ አንድ ላይክ! ይሄንን ስለጥፍ አራት ሺህ! ሰው እንዲመጣልሽ ብዬ ነው።»

«መጣልኛ» አለች እናትየው።

አልጮኸችም። ብትጮህባት ለልጅቷ ይሻላት ነበር። እናትየው ግን ጠፍጣፋ ጣውላና እርሳስ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። «በይ ሳዪልኝ። ነገ ልትሰሪው እንደሆነ አድርገሽ።»

ልጅቷ ስልኳን ከጎኗ አቁማ መሳል ጀመረች። በስተግራ ያሉት ርብራቦች አምስት ናቸው፤ በስተቀኝ ሶስት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው። አንደኛው እግር ደግሞ ወደ ላይ ይወጣ ይወጣና ከምንም ጋር ሳይገጥም ይጠፋል። ይህን ምስል ስንት ጊዜ ከፍታዋለች፤ አንድም ቀን ግን አላየችውም።

«ህፃኑ የሚተኛው እዚህ ነው» አለች እናቷ መሃሉን በጣቷ ነክታ። «ክብደቱን ማን ይሸከመዋል?»

እርሳሱ ቆመ። «ማንም።»

«እንግዲህ አራት ሺህ ሰው ወዶት አንድ ሰው እንኳ አላየውም።» እናትየው መነጽሯን አወለቀች። «ነገ እኔ እነግራቸዋለሁ። ስህተት ተፈጥሯል እላለሁ።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ልጅቷ ነገሩን ለጓደኛዋ አጫወተቻት። ክፍሉ «ራዲዮ» የሚላት፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት።

«አንቺ ደግሞ አታካብጂ!» አለች ራዲዮ። «ፖስቱን አጥፊው፣ ‹ተሽጦ አልቋል› በያቸው፣ በቃ። ስንቱ ሱቅ በሰው ፎቶ ይነግዳል፣ ማን ጠየቀው? ፋራ አትሁኚ።»

ምክሩ ቀላል ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ማንም አይጣላም፣ ማንም አያፍርም። ልጅቷ እስከ ሱቁ በር ድረስ ስትለማመደው ሄደች።

አዋላጇ በሰዓታቸው መጡ። ከቦርሳቸው አፍ ቢጫ ትንሽ ብርድ ልብስ ብቅ ብሏል፤ ከአልጋው ጋር ሊለኩት ያመጡት ነው። ልጅቷ ብርድ ልብሱን ስታይ የተለማመደችው ሁሉ ጠፋባት። እናትየው ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደመቻት።

«እትዬ፣ ያንን አልጋ የሰራው ሰው የለም። ምስሉን በስልኬ አፕ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ አታውቅም ነበር። ቢሰራም አይቆምም። እግሩ ምንም አልያዘም።»

ሴትየዋ ቦርሳቸውን ቀስ ብለው ዘጉ። «ልጄ ስልኳን በከፈተች ቁጥር እሱን ነው የምታየው። አሁን ምን ልበላት?»

«ከፈቀዱልኝ እኔ ደውዬ ልንገራት።» አለች ልጅቷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ።

አዋላጇ ትኩር ብለው አዩዋት። ደስ አላላቸውም፤ ይቅርም አላሏትም። «በእጅ የተሰራ ነገር የላችሁም?» ሲሉ ጠየቁ።

እናትየው ከጥግ አንድ አልጋ ጎትታ አወጣች። ቀጥ ያሉ አራት እግሮች፣ እስኪለሰልስ የተላገ ጠርዝ፣ ጌጥ የሚባል የሌለው። ሴትየዋ በሽተኛ እንደሚመረምሩ ጎንበስ ብለው መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። በርብራቦቹ መሃል ያለውን ክፍተት በጡጫቸው ለኩ። ከዚያ ጠርዙን ይዘው ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት። አልጋው ጭጭ አለ።

«ቅዳሜ ልጄን ይዣት እመጣለሁ፣ አይታ ትወስን» አሉ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺ አትደውዪ። መጥታ ከአፍሽ ትስማው።»

«እሺ» አለች ልጅቷ።

ሲሄዱ ስልኳን አወጣች። ጣቷ ‹አጥፋ› የሚለው ላይ ደርሶ ተመለሰ። ብታጠፋው ያ ሁሉ ሰው እውነት መስሎት ይቀራል። ምስሉን ሳትነካ ከስሩ ጻፈች፦ «ይህን አልጋ ማንም አልሰራውም። በአፕ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እናቴ አይደለችም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ የምታዩት እሷ የሰራችውን ብቻ ነው።»

ብዙም አልቆየ፣ ስልኩ ይንጫጫ ጀመር።

«ምን ይላሉ?» አለች እናትየው መላጊያዋን ሳታቆም።

«ይሳደባሉ። ፔጁን ለቀው የሚወጡም አሉ።»

«ታዲያስ?»

ልጅቷ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «እመልስላቸዋለሁ። አንድ በአንድ።»

የመጀመሪያውን ስድብ ከፈተችና «ልክ ነህ፣ ዋሽቻለሁ» ብላ መጻፍ ጀመረች።