ከዩሮፓ የሚመለስ ሳቅ

ሳቁ የሚደርሰው ከምሳ በኋላ ነበር።

ጥሩዓለም ጠዋት አዳማ ካለው ስቱዲዮ ትቀልዳለች። ምስሏ ጁፒተርን ወደምትዞረው ጨረቃ፣ ወደ ዩሮፓ ይጓዛል። እዚያ በረዶ የሚቆፍሩ ሠራተኞች ያዩታል፤ ሳቃቸውም ያንኑ መንገድ ተመልሶ ይመጣል። እሷ በልታ፣ እጇን ታጥባ፣ «ሳቅ መላሽ» ከሚባለው መሣሪያ ፊት ትቀመጥና የጠዋቱን ቀልድ ከሳቁ ጋር ታዳምጣለች፤ የትኛው እንዳሳቀ፣ የትኛው እንደወደቀ ያኔ ታውቃለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በቴሌቪዥን ድራማ ነገረኛዋን የቤት እመቤት ሆና ስትጫወት፣ ዘበኛዋን ሆኖ የሚተውነው ባሏ በላቸው ነበር። ኋላም ፊልም አብረው ሠሩ። ብቻዋን ስትቀረጽ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ አፉን በእጁ ያፍናል፤ አልሆን ሲለው ሳቁ እንደ ስቅታ እየተቆራረጠ ያመልጠዋል፤ ቀረጻው ይበላሻል። ዳይሬክተሩ ስንቴ አባሮታል። በላቸው ሲሞት ፊልም የሚባል ነገር አስጠላት። ከካሜራው ጀርባ ማንም የማይቆምበት ይህ ሥራ ሲመጣላት ግን እሺ አለች።

አንድ ቀን ከዩሮፓ በመጣው ሳቅ መሃል ያ ስቅታ ተሰማ።

«ኤፍራታ፣ እስቲ ወደኋላ መልሺው።»

የመሣሪያው ባለሙያ ኤፍራታ መለሰችው።

«ይሄ በላቸው ነው» አለች ጥሩዓለም።

ኤፍራታ ዩሮፓ ካለው የቆፋሪዎቹ ጣቢያ ጋር ተጻጻፈች። መልሱን ይዛ ስትመጣ ፊቷ ተለውጦ ነበር።

«እትዬ፣ የእነሱ ማይክራፎን ከተበላሸ ወራት አልፎታል። እርስዎ የሚያውቁ መስሏቸው ነው ዝም ያሉት። መሣሪያው ዝምታ ሲደርሰው ከድሮ ፊልሞችዎ፣ ከተጣሉት ቀረጻዎች ላይ ሳቅ እየቀዳ ሲሞላ ኖሯል።»

«ማን አዘዘው?»

«ማንም። ባዶ ሲያገኝ እንዲሞላ ነው የተሠራው። አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

«ቆዪ፤ አትንኪው።»

ከዚያ ወዲያ ጥሩዓለም የምትቀልደው ለበላቸው ሆነ። የቀድሞ አከራያቸውን አነጋገር፣ በሠርጋቸው ቀን የጠፋውን ጫማ፣ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁትን ሁሉ አወጣች። ምሳዋን ትታ ሳቁን ትጠብቃለች፤ ሲመጣም ዓይኗን ጨፍና ትሰማዋለች።

አንድ ቀን የቆፋሪዎቹ አለቃ ኦብሳ የላከው መልእክት ደረሰ። ኤፍራታ አነበበችላት።

«እትዬ ጥሩዓለም፣ ጤና ይስጥልን። ሳቃችን እንደማይደርስዎ ብናውቅም ስንስቅ ነበር። ሰሞኑን ግን የሚያጫውቱት ሌላ ሰው ያለ መሰለን። አስቀይመንዎት ከሆነ ይቅርታ።»

ጥሩዓለም አንገቷን ደፋች።

«አንዴ ብቻ አሰሚኝ» አለች።

የበላቸው ሳቅ እየተቆራረጠ ወጣ። እስኪያልቅ አዳመጠችው።

«በቃ። ከእንግዲህ ሳይጠይቀን እንዳይሞላ አድርጊው።»

በማግስቱ ስለ በረዶ፣ ስለ ቆርቆሮ ምግብ፣ ሚስቱ ስትናፍቀው ከመቆፈሪያው ማሽን ጋር ስለሚጣላ ቆፋሪ ቀለደች። ከምሳ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የጥሩዓለም ቀልድ ብቻውን ይሰማል፤ ከበስተኋላው ምንም የለም። መሣሪያው ላይ ጽሑፍ ብልጭ አለ፦

«ዝምታ ተገኝቷል። ይሞላ?»

ኤፍራታ ጣቷን ዘርግታ ወደ ጥሩዓለም ዞረች። የጥሩዓለም ጉንጭ ርሷል፤ ግን በየቀልዱ መጨረሻ፣ ሰው ስቆ እስኪጨርስ የሚፈጀውን ያህል ፈገግ ብላ ትጠብቅ ነበር።

«ተዪው» አለች። «እየሳቁ ነው።»