ሰሊጥ የሚሸት እጅ

ይህ ታሪክ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አፍ የለቀምኩት አይደለም።

አታምኑኝ ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም። እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ነው። ጨለማ የለም፣ መቃብር የለም። ቦታው ቼንግዱ ከተማ ውስጥ፣ ከየአገሩ እንግዳ የሚጎርፍበት የፋኖስ ጎዳና የሚባለው የገበያ መንገድ ነው። በአንድ በኩል በሚጥሚጣ ያበደ የጥንቸል ጭንቅላት ይሸጣል፤ በሌላ በኩል የፓንዳ ኮፍያ። መተላለፊያ የለም፣ ሰው በሰው ላይ ነው።

ስሜን ፑ በሉኝ። እውነተኛ ስሜ አይደለም። ለምን እንደደበቅኩት ስትጨርሱ ይገባችኋል...

ሥራዬ እዚያው ጎዳና ዳር ባለ ሻይ ቤት ጆሮ መጥረግ ነው። እንግዳው የቀርከሃ ወንበር ላይ ጋደም ይላል። እኔ ግንባሬ ላይ መብራት አስሬ በቀጭን ኩክ ማውጫ እጠርግለታለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለት ጣት ያላትን የብረት ሹካ መታ አደርግና ጆሮው ውስጥ ካለው ብረት ጋር አነካካታለሁ። ዝዝዝዝ... ትላለች። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ይላል።

ሙያውን ያስተማሩኝ መምህር ላን ናቸው። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዝምተኛ፣ ከአንድ እንግዳ ወደ ሌላው ሲሄዱ እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ የማይነኩ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ችኩል ነበርኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ከሰው ጆሮ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ብናኝ ነው። ብናኝ ማንን ያስደንቃል? ስለዚህ የተፈጨ ሰሊጥ ከሻማ ሰም ጋር አሽቼ በትንሽ ጣሳ እይዝ ነበር። ጠብደል ያለውን ቁራጭ በጣቶቼ መሃል ደብቄ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደርገዋለሁ።

«ይኸውልዎ! ይህን ተሸክመው ነው የሚዞሩት!»

እንግዳው ይጮኻል። ፎቶ ያነሳል። ሚስቱም ተራ ትይዛለች።

መምህር ላን አንድ ቀን ደረሱብኝ። ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብለው...

«ፑ፣ ተው።»

«ጨዋታ እኮ ነው መምህር።»

«ዓይንህ ጣትህ ላይ ሲሆን ብረቱ የት እንዳለ አታውቅም። ተው ብዬሃለሁ።»

እኔ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በብሔራዊ በዓሉ ሳምንት፣ ከላንጆው ከተማ የመጡ አንዲት የሙዚቃ መምህርት ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ፋን ይባላሉ። የቦርሳቸውን ማንገቻ እንደ ሕፃን እጅ ጨብጠው ይዘውት ነበር።

በቀኝ እጄ ብረቱን ግራ ጆሯቸው ውስጥ ይዣለሁ። በግራ እጄ የሰሊጡን ቁራጭ እያመቻቸሁ ነው። ዓይኔ ጣቴ ላይ ነበር።

ከግፊያው መሃል አንድ ሰው ወንበሩን ገጨው...

ብረቱ ገባ።

አልጮኹም። እሱ ነው እስከዛሬ የሚያሰቃየኝ። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ድምፁ... ጠፋ» አሉ ብቻ።

ከጆሯቸው አንዲት ቀጭን ደም ወረደች። ሰው ተሰበሰበ። የገበያው ጽሕፈት ቤት ሰዎች እየሮጡ መጡ።

«ማነው የነካቸው?»

ብረቱ በዚያ ሰዓት እጄ ላይ አልነበረም። የመምህሬ ትሪ ላይ ነበር። እንዴት እዚያ እንደተገኘ አላውቅም ብል ውሸቴን ነው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።

«ማነው? ተናገሩ እንጂ!»

መምህር ላን አዩኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ደረታቸው ላይ የነበረውን የፈቃድ ቁጥር ነጠቋቸው። በገበያው መግቢያ፣ የነባር ባለሙያዎች ፎቶ ከተሰቀለበት ሰሌዳ ላይ ፎቷቸውን አወረዱት። ከመሄዳቸው በፊት የሻይ ሲኒያቸውን ክዳን አንስተው ወንበራቸው ላይ አስቀመጡ።

እኛ ጋ እንዲህ ነው። ከሻይ ቤት ተነስቶ የሚመለስ ሰው የሲኒውን ክዳን ወንበሩ ላይ ትቶ ይሄዳል። ያንን ወንበር ማንም አይነካውም።

ሻይ የምትቀዳው አክስቴ ጎው ፋኖሶቹ እስኪበሩ ድረስ ጠበቀቻቸው። አልመጡም።

በሁለተኛው ሳምንት ያን ወንበር ወሰድኩት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ። በር ላይ ስለሆነ ገበያው ጥሩ ነው። በዓመቱ ደግሞ የእኔን ፎቶ ሰሌዳው ላይ ሰቀሉት... በዚያው ሚስማር ላይ።

አንድም ቀን ቤታቸው ሄጄ አልጠየቅኳቸውም። ሌላ ሻይ ቤት በገቡ ቁጥር «መምህርቷን ያደነቆሩት ሰውዬ» እየተባሉ ይጠቆሙ እንደነበር እሰማ ነበር። እየሰማሁ ሻዬን እጠጣ ነበር።

ባለፈው ክረምት ሞቱ።

ቀብሩ ላይ ከኋላ ተደብቄ ቆምኩ። ባለቤታቸው ግን ለይተው አገኙኝ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አኖሩልኝ። የመምህሬ ሹካ ነበረች።

«ለፑ ስጪልኝ ብሎ ነበር። አንድ ነገር ልለምንህ ልጄ... አንተ እዚያው ነህ፣ ሰዎቹ ይሰሙሃል። ፎቶውን መልሰው እንዲሰቅሉለት ብትነግራቸው? ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ እናቴ» አልኩ።

ፎቶው የሚመለሰው መምህሬ ያሏትን ያቺን ሁለት ቃል እኔ ከተናገርኩ ብቻ ነው። ጽሕፈት ቤቱን አልፌ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ከሰሜን የመጣ አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር። ቀኝ ጆሮውን ጨረስኩ፤ ደህና። ግራውን ጠርጌ ሹካዋን መታሁ። ዝዝዝ... ሰውዬው ዓይኑን ገለጠ።

«ምን አልከኝ?»

«ምንም አላልኩም።»

«አይ፣ አልክ እንጂ።»

ሳቅኩ። አለፈ።

በማግስቱ አንዲት ሙሽራ፣ ግራ ጆሮዋ ላይ ስደርስ ባሏን ዞር ብላ አየችው። «ምን አለኝ?» እሱም ትከሻውን ነቀነቀ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ጡረተኛ ፖሊስ፣ ቆጣ ብሎ «በሹክሹክታ አታውራኝ፣ ጮክ በል!» አለኝ።

ሁሌም ግራ ጆሮ... ሁሌም ያችው ጥያቄ።

የመምህሬን ሹካ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ በራሴ ሹካ መሥራት ጀመርኩ። ለውጥ የለም። አፌን በጭምብል ሸፈንኩ። አንዲት አሮጊት ከተጋደሙበት ቀና ብለው «ከጭምብሉ ሥር ምን እያልክ ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ። ከንፈሬ አልተነቃነቀም። እምላችኋለሁ።

«አንተ ፑ፣ እንደ ተላጠ ድንች ገርጥተሃል» አለችኝ አክስቴ ጎው ሻይ ስትቀዳልኝ። «ወይ አግባ ወይ ሐኪም ጋ ሂድ።»

ከዚያ ቀይ ፀጉር ያለው የባዕድ አገር ጎረምሳ መጣ። ከቋንቋችን «ሰላም» እና «ቢራ» ብቻ ነው የሚያውቀው። ግራ ጆሮውን ስነካው ግንባሩን ቋጠረ። የሰማውን ድምፅ፣ ትርጉሙን ሳያውቅ፣ እየቆራረሰ ደገመልኝ።

«እኔ... ነኝ...»

በመምህር ላን የገጠር አነጋገር ነው ያለው። የእሳቸው መንደር ሰው ብቻ እንደሚያወጣው።

አራት ወር እንዲህ ኖርኩ። ወንበሩን ግን አልለቀቅኩም።

ሐሙስ ዕለት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አንዲት ሴት መጥተው ተቀመጡ። ፀጉራቸው ሸብቷል። መጀመሪያ ያየሁት እጃቸውን ነው... የቦርሳውን ማንገቻ እንደ ሕፃን እጅ ጨብጠዋል።

ወይዘሮ ፋን ናቸው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እሳቸው ግን የማያውቁኝ መሰሉ።

«ግራውን ብቻ» አሉ። «ከተጎዳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አይሰማም። ግን ሰሞኑን ያሳክከኛል።»

መብራቱን አበራሁ። ጎንበስ አልኩ። አፌ ከዚያ ከደነቆረ ጆሮ አጠገብ ሆነ።

እዚህ ላይ ያደረግኩትን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገርኩ። ለማይሰማ ጆሮ! ስድስት ዓመት ታንቆ የኖረውን ቃል፣ ማንም የማይሰማበትን ቦታ መርጬ፣ በሹክሹክታ ተነፈስኩት።

«እኔ ነኝ። እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ።»

ቀለል አለኝ። ታምናላችሁ? ቀለል አለኝ። ሹካዋን አነሳሁና መታሁ።

ዝዝዝዝ...

ወይዘሮ ፋን ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምን አልከኝ?»

በአራት ወር ውስጥ ያ ጥያቄ እውነተኛ መልስ የነበረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ...

«ምንም» አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም።

«ያን ቀንም ምንም ነው ያልከው።»

«ያ... ያውቁ ነበር?»

«እጅህ ሰሊጥ ይሸት ነበር። የሽማግሌው እጅ ሳሙና ሳሙና ነበር የሚለው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ሽማግሌው እጄን ጨብጠው ለመኑኝ። 'ገና ልጅ ነው' አሉኝ።» የቦርሳቸውን ማንገቻ ጠበቅ አደረጉት። «ልጅ መስለኸኝ ነበር እኔም።»

ሰው ያልፋል፣ ልጆች በእንጨት የተሰካ፣ በስኳር የተሸፈነ ፍሬ ይልሳሉ፣ እኔ እዚያ ተገትሬያለሁ።

ተነሱ። ከዚያ ግራ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው፣ የሩቅ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው ቆሙ።

«በዚህ ጆሮዬ ከስድስት ዓመት በኋላ ዛሬ ሰማሁ» አሉ። «ሁለት ሰው ነው የሰማሁት። አንደኛው አንተ ነህ።»

«ሌላኛውስ?»

«እሳቸው ናቸው። አሁንም 'እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ' ይላሉ። ድምፃቸው አልቋል።» ወደ ግፊያው ገቡ። ዞር ሳይሉ፣ «ደክሟቸዋል። ተቀበላቸው እንጂ» አሉ።

ተነስቼ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ። በሰሌዳው በኩል ሳልፍ የራሴ ፎቶ ፈገግ ብሎ አየኝ። ከፎቶው ጠርዝ ዙሪያ፣ ቀድሞ እዚያ የነበረው የመምህሬ ትልቅ ፎቶ ሰሌዳው ላይ የተወው ነጣ ያለ ምልክት ይታያል።

ጸሐፊዋ ቀና አለች።

«ምን ልታዘዝ ወንድም ፑ?»

ሁለት ቃል ነው። ሁለት።

«ወንበሬ ጋ ያለው... አምፖል ተቃጥሏል» አልኩ።

«እሺ፣ ሰው እልካለሁ።»

አምፖሉ ደህና ነበር።

አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። ከሩቁ ወንበሬን አየሁት። ባዶ ነው። ያ ሁሉ እንግዳ ተጨናንቆ ቆሟል፣ ግን ማንም አልተቀመጠበትም። ዞረውት ነው የሚያልፉት።

ቀረብ አልኩ።

መቀመጫው ላይ የሻይ ሲኒ ክዳን ተቀምጧል።

የእኔ ሲኒ ትሪው ላይ ነው፤ ክዳኑም ላዩ ላይ አለ።

«አክስቴ ጎው... ይህን ማን አስቀመጠው?»

ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች አየችው። ፈገግታዋ ከፊቷ ጠፋ።

«እኔ አላስቀመጥኩም» አለች በሹክሹክታ። «ግን አትንካው። ሰው አለው።»

ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያ ሐሙስ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ስሜን እንደደበቅኩ ነው፤ ለእናንተም የነገርኳችሁ ለዚያ ለደነቆረው ጆሮ እንደነገርኩት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ከእኔ ሃያ እርምጃ ይርቃል። አሁን ቆሜ ነው የምሠራው።

በየጠዋቱ ክዳኑን አንስቼ ለአክስቴ ጎው እመልስላታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሲሆን ወንበሩ ላይ አገኘዋለሁ።

ዛሬ ከማንሳቴ በፊት በጣቴ ነካሁት...

ትኩስ ነው። ከውስጡ ገና ያልደረቀ የሻይ ጠብታ ይንጠባጠባል፤ ሳሙና ሳሙና ይላል።