ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞረው ዴሊያ

አምብሮስ ፔካም ዴሊያን መጀመሪያ ያያት ከኋላዋ ነው። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቅዳሜ ያው ከኋላዋ።

ነገሩ የሆነው በኒውፖርት፣ አውቶሞቢል ገና ፈረስ ያስደነግጥ በነበረበት ዘመን ነው። ሚስተር ኮርትላንድ ዌይ የሚባል ወጣት የአያቱን የባቡር ሐዲድ ሀብት ወረሰና ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ውቅያኖሱን ፊት ለፊት የሚያይ የእብነ በረድ ቤት አሠራ። ስሙን ግን «ጎጆዬ» ነው የሚለው። የኒውፖርት ሀብታሞች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት፤ ሰባ ክፍል ያለው ጎጆ እነሱ ዘንድ ካልሆነ የት ይገኛል? የሚኖሩበት ደግሞ በጋውን ብቻ ነው።

አምብሮስ የፒያኖ ቃኚ ነበር፤ እያንዳንዷን ቁልፍ ደጋግሞ እየመታ ሽቦዋን ያስተካክላል። የባሕር እርጥበት እንጨት ያሳብጣል፣ ድምፅ ያበላሻል። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ካለ፣ ጠዋት ጌቶቹ ተኝተው ሳለ አምብሮስ ይመጣል። ሥራውን የወረሰው ከአጎቱ ነው። አጎቱ «ትልቅ ቤት ስትገባ ጥቁር ሙሉ ልብስ ልበስ፣ ጫማህን አስወልውል» ብሎ መክሮት ነበር። ስለ ቤቱ ሌላ ወግ ሳይነግረው ሞተ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሠራተኛ እያንጎራጎረች የመስተዋት ክፈፍ ታብሳለች። አምብሮስ ለስለስ ብሎ «እንደምን አደርሽ፣ እህቴ» አላት። ልጅቱ ክው አለች። ጨርቋን ደረቷ ላይ ለጥፋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችና ድርቅ ብላ ቆመች። ያመማት መስሎት ጠበቃት። አልዞረችም። ግራ ገብቶት ወደ ጭፈራው አዳራሽ አለፈ።

በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው፣ ከዚያ በኋላም እንደዚያው። አምብሮስ ቤቱ ገብቶ መስተዋት ፊት ቆመ፤ ፊቴ ላይ ምን አለ ብሎ። መልከ መልካም ነኝ ባይልም እስከዛሬ ከፊቱ ይልቅ ግድግዳ የመረጠች ሴት አልነበረችም። ማጅራት ብቻ አይቶ ሰው ይወዳል ወይ ብትሉኝ፣ አምብሮስ ወደደ። ከቆቧ ሾልኮ የወጣውን ቀይ ጸጉር፣ እሱ ሲያልፍ ፍም የሚመስለውን ጆሮዋን፣ እሱን ስታይ የሚቋረጠውን እንጉርጉሮ ወደደ። እንደጠላችው ግን እርግጠኛ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሚስተር ዌይ ከወትሮው ውጪ በማለዳ ተነስቶ በኮሪደሩ መጣ። ያን ጊዜ እዚያ የነበሩት ሠራተኞች በሙሉ፣ ትሪ የያዘው አሽከር ሳይቀር፣ ወደ ግድግዳ ዞሩ። ሚስተር ዌይ ማንንም ሳያይ አለፈ። እነሱም ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። አምብሮስ ይህን ሲያይ ነገሩ ገባው። ጌታ ሲያልፍ ሠራተኛ ፊቱን እንዳያሳይ የቤቱ ደንብ ነው። ልጅቱም ጥቁር ልብሱን አይታ ከጌቶቹ አንዱ መስሏት ነው! የዚያን ዕለት ከደስታው ብዛት ፒያኖውን በቅጡ አልቃኘውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የቆዳ ሽርጡን ታጥቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ በኩሽናው በር ገባ። ልጅቱ ተንበርክካ የአዳራሹን ወለል ሰም ትቀባለች። ቀና አለች። ጠቃጠቆ ያለበት ፊት፣ ጫፉ የተሸረፈ የፊት ጥርስ፣ ግራጫ ዓይን። አምብሮስ አፉ ተሳሰረ።

እሷ ግን አልተሳሰረባትም። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሰሙን እንዳትረግጥብኝ» አለችው።

ፊቱን አይታው አታውቅማ! ሰሙን ዞሮ አልፎ የፒያኖውን ክዳን ከፈተ።

«ያ ሰውዬ ሰበረው አይደል?» አለች።

«የቱ ሰውዬ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው ጌታ ነዋ። ምስኪን፣ በጋውን ሙሉ እየተማረ ከአንድ ጣት አላለፈም። አንዷን ድምፅ እስኪሰለቸን! ድሃ ቢሆን ኖሮ ‹ተው ወንድሜ፣ አልተሰጠህም› የሚለው አያጣም ነበር።»

አምብሮስ በአንድ ጣቱ አንዷን ቁልፍ መታ። ደገማት። ሠለሳት። የልጅቱ እጅ ወለሉ ላይ ቆመ፤ ጆሮዋ ቀላ።

«...አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። አልተሰጠኝም እንዴ?»

ሰም በነካው እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ዴሊያ ኮንሮይ እባላለሁ አለችው።

ከዚያ ወዲያ የዚያ ቤት ፒያኖ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሆነ። እሱ ይቃኛል፣ እሷ ትወለውላለች፣ ያወራሉ። አየርላንድ ስላለችው እናቷ ነገረችው፤ እሱም በአጎቱ ሞት እንዴት እንደተጎዳ ነገራት። በዚያ ቤት ግን ወንድ የያዘች ሠራተኛ ያለምስክር ወረቀት ትባረራለች። ያለምስክር ወረቀት ደግሞ የትኛውም ትልቅ ቤት አይቀጥራትም። ዴሊያ በመኸር ከቤተሰቡ ጋር ኒውዮርክ ሄዳ የገበታ አስተናጋጅ እንድትሆን ቃል ተገብቶላታል። አምብሮስ ያለው ከዳቦ ቤት በላይ ሁለት ጠባብ ክፍል ነው፤ ጎጆዎቹ በክረምት ሲዘጉ ሥራውም አብሮ ይዘጋል። በምን አፌ ቅሪ ልበላት ብሎ ዝም አለ። እሱ በድህነቱ አፈረ፣ እሷ በዝምታው አዘነች።

በመስከረም መጨረሻ ዕቃው ሁሉ ነጭ ጨርቅ ለበሰ። ቤተሰቡን ወደ ኒውዮርክ የሚወስደው መርከብ ማታ ይነሳል። አምብሮስ ፒያኖውን ለክረምት ላዘጋጅ ብሎ መጣ። ዴሊያን ሲያገኛት እጇን ያዘ። እንደዚያ እንዳሉ የቤቱ አዛዥ ሚስስ ትሬድዌል በሩ ላይ ቆማለች።

«ዴሊያ፣ ይህ ሰው ምንሽ ነው?»

አምብሮስ ቀደመ። «ምኗም አይደለሁም፣ እመቤቴ። ሽቦ ቆርጦኝ ልታስርልኝ ነው። ስሟንም አላውቀው።»

እንጀራዋን ያዳነላት መስሎት ነበር። ሚስስ ትሬድዌልም ልጅቱን ትወዳታለችና ማመን ፈለገች። ሂጂና ሻንጣሽን አዘጋጂ አለቻት። ዴሊያ ዝም ብትል ኒውዮርክ የእሷ ነበረች።

ዴሊያ አምብሮስን አየችው። ከዚያ ወደ አዛዧ ዞረች።

«ዋሽቷል፣ እመቤቴ። ስሜን ያውቃል። የእናቴንም ስም ያውቃል። እወደዋለሁ።»

«እንግዲያው የደንብ ልብሱን መልሺ፤ የቤቱ ነው» አለች ሚስስ ትሬድዌል። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ዴሊያ የራሷን ቡናማ ቀሚስ ለብሳ በኩሽናው በር ወጣች። አምብሮስ ሻንጣዋን ተሸከመ። ወደ ወደቡ በሚወርደው መንገድ ላይ የመርከቡ ፉጨት ተሰማ።

«ምነው እንዲህ አደረግሽ? እኔ እኮ አላውቃትም ያልኩት ላንቺ ብዬ ነው» አላት።

«አውቃለሁ። ከእንግዲህ ግን ለእኔ ብለህም ቢሆን አትካደኝ። ለእኔ የሚበጀኝን እኔ እነግርሃለሁ።»

አምብሮስ ሻንጣውን መንገዱ መሀል አስቀመጠ።

«ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ» አለች። «በጋውን ሙሉ ያቃተህ ይቺ ነች?»

ኅዳር ላይ ተጋቡ። እሷ ካቶሊክ እሱ ባፕቲስት ስለነበሩ ከሁለቱም ወገን ያጉረመረመ አልጠፋም። አንድ እሑድ የአምብሮስ አክስት ከባፕቲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ምእመኑ ሁሉ በተሰበሰበበት አስቆመችው። አጠገቡ ያለችውን ከእግር እስከ ራሷ ገመገመቻት።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለችው።

አምብሮስ ባርኔጣውን አወለቀ። «ዴሊያ ትባላለች። ሚስቴ ናት» አለ፣ ደጃፉ ሁሉ እስኪሰማ።