ቅቤ የተቀባው እንቁላል

በቡታጅራና በአካባቢዋ ቅቤ የማይገባበት ነገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ራሱን ላመመው አናቱ ላይ ይደረግለታል፣ እንግዳ ሲመጣ ክትፎው ይርስበታል፣ ሙሽራ ትታሽበታለች። ይህ ሁሉ ደግ ነው፤ ማንንም አልጎዳም። ጉዳቱ የሚጀምረው ገና የተወለደ ሕፃን አፉ ተከፍቶ ቅቤ የተቀባ ጣት ሲገባበት ነው። አንጀቱን ያለሰልስለታል፣ ድምፁን ያሳምርለታል ይባላል። ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ነገር ለመዋጥ ያልደረሰ ሕፃን ግን ትን ሊለው፣ ቅቤውም በሆዱ ፈንታ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። ይህን ስንት ጊዜ ተነግሮናል! ሰምተን እናበቃና ጣታችንን ቅቤ ውስጥ እንነክራለን።

ወይዘሮ ከድጄ ክፉ ሴት አይደሉም። በርበሬ እየነገዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ የሰፈሩን አራስ ሁሉ ገንፎ ያበሉ እናት ናቸው። ልጃቸው ፈቲሀ ሁለተኛ ልጇን ለመውለድ ከወልቂጤ ወደ እሳቸው ስትመጣ፣ ለአራስነቷ የተገዛው ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጓዳ ይጠብቃት ነበር። ፈቲሀ ቅቤውን ባየች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። የመጀመሪያ ልጇ ሩፋይዳ በተወለደች ዕለት ከአያቷ ጣት ቅቤ ውጣ ትን ካላት በኋላ፣ ሆስፒታል በኦክስጅን ሰንብታ ነው የተረፈችው። እስከ ዛሬ ድረስ ብርድ ሲመጣ ደረቷ ያፏጫል።

"እማ፣ ይሄኛው ልጅ ቅቤ አይውጥም" አለች ፈቲሀ አንድ ቀን ጨክና። "ሐኪሙ ከጡት በቀር ምንም እንዳትሰጪ ብሎኛል።"

"ሐኪሙስ ቅቤ ውጦ አይደል እንዴ ያደገው? ሩፋይዳን የመታት ብርድ ነው። መስኮት ከፍታችሁ ያስመታችኋት እናንተ ናችሁ።"

"ቅቤው ነው እማ።"

"እኔ የልጅ ልጄን ልገድል ነበር በይኛ! ወላሂ፣ ይሄንንም ሰማሁ?"

ነገሩ እዚህ ሲደርስ ፈቲሀ ሁልጊዜ ዝም ትላለች። የገዛ እናቷን ምን ብላ ትመልስላቸው? ዝም ባለች ቁጥር ደግሞ የሚወለደው ልጅ ዕጣ በእናቷ ጣት ላይ እንደሆነ ታውቃለች።

በዚያው ሰሞን የወይዘሮ ከድጄ ዶሮ የዳክዬ እንቁላል ታቅፋ ነበር። እንቁላሎቹ የጎረቤታቸው የይድነቃቸው ናቸው። ይድነቃቸው ከጎንደር ተመድቦ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ዳክዬዋ አልታቀፍ ብላ ስታስቸግረው ለዶሮዋ አደራ ሰጣት። ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ ዶሮዋ ውሻ አስደንብሯት ስትነሳ አንዱን ረገጠችው። ቅርፊቱ ከጎኑ ተሰበረ። በስብራቱ የምንቃር ጫፍ ይታያል፤ ጫጩቱም ውስጥ ሆኖ ይጮኻል።

ሌላ ሰው ቢሆን አንስቶ ይጥለው ነበር። የወይዘሮ ከድጄ አንጀት ግን አልቻለም። ጓዳ ገብተው ከዚያ ቅቤ ቆነጠሩና "ቢስሚላህ" ብለው ስብራቱን ዙሪያውን ለሰኑት። እንዳይደርቅ፣ ብርድም እንዳያገኘው ብለው ነው። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለው ምድጃው አጠገብ አኖሩት።

"አየሽ፣ ይሄም አራስ ነው" አሉ ለፈቲሀ ፈገግ ብለው።

ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ቀጠነ፤ ከዚያም ጠፋ። ወይዘሮ ከድጄ እንቁላሉን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

"ፈቲሀ፣ ዝም አለ! ነይ እስቲ እዪልኝ!"

ፈቲሀ በከበደ ሆዷ ጎንበስ ብላ አየች። ቅቤው በምድጃው ሙቀት ቀልጦ ወደ ውስጥ ወርዷል፤ ምንቃሩ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ደፍኗቸዋል።

"እማ፣ በምን ይተንፍስ? አፍንጫው እኮ ተደፈነ!"

በአጥሩ ላይ ተጣርተው ይድነቃቸውን አስመጡት። እሱም ጥጥ በለብ ያለ ውሃ ነክሮ ቅቤውን ከምንቃሩም ከቅርፊቱም ቀስ እያለ ጠረገው።

"እትዬ ከድጄ፣ እንቁላል እኮ በቅርፊቱም ይተነፍሳል። ቅቤ ሲለሰን አየር ያጣል።"

ምንቃሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተከፈተ፤ ደካማ ድምፅ ተሰማ።

"አልሀምዱሊላህ! በል አሁን ልጄ፣ ልላጥለትና ይውጣ" አሉ ወይዘሮ ከድጄ ተቻኩለው።

"ኧረ እንዳይነኩት! ደም ስሩ ገና ከቅርፊቱ አልተላቀቀም፤ ቢልጡት ይደማል። ዶሮዋ ስር ያለ ያህል እንዲሞቀው ያድርጉት፣ አጠገቡ እርጥብ ጨርቅ ያኑሩለት፣ ከዚያ ይተዉት።"

"መተው ደግሞ ምን እርዳታ ነው!"

ተቆጡ እንጂ አልነኩትም። እጃቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ላለመንካት እንዲህ የታገለ ሰው አይቼ አላውቅም። ጫጩቱ ያርፋል፣ ደግሞ ይገፋል፤ ቅርፊቱን ዙሪያውን እየሰበረ ሄደ። በማግስቱ መውጣት ሲጀምር ጀርባው ላይ የደረቀ ስስ ሽፋን ያዘው። ይድነቃቸው ደም አለመኖሩን አይቶ "አሁን ይርዱት" አላቸው። ወይዘሮ ከድጄ ጣታቸውን በውሃ ብቻ አርሰው ሽፋኑን አነሱለት። እርጥብ፣ የደከመ፣ አስቀያሚ ነገር መዳፋቸው ላይ ወጣ።

አተኩረው አዩት። "ሩፋይዳም እንዲህ ነበር ዝም ያለችው" አሉ ቀስ ብለው። "በእጄ ይዣት። እኔ ደግሞ ብርድ ነው ስል ኖርኩ።" አለቀሱ። ፈቲሀ አጠገባቸው ተቀምጣ ትከሻቸውን ያዘች። ያንን ቃል ለዓመታት ስትጠብቀው ኖራለች፤ ሲመጣ ግን ደስ አላላትም፤ እናቷ አሳዘኗት።

እነሆ፣ ፍቅር ብቻውን አይበቃም። የምንወደውን ልጅ የሚጎዳው ምን እንደሆነ መጠየቅ፣ ሲነገረንም መስማት አለብን። ወይዘሮ ከድጄን ያስተማራቸው አንድ የዳክዬ ጫጩት ነው፤ ሌላው ሰው በልጁ እስኪማር መጠበቅ የለበትም።

ፈቲሀ በሰላም ወልዳ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ የሰፈሩ ሴቶች ተሰበሰቡ። ሃሊማ የምትባለው ጎረቤት እንደ ልማዷ ጓዳ ገብታ፣ ጣቷን ቅቤ ቀብታ ወደ ሕፃኑ መጣች። ወይዘሮ ከድጄ ከመቀመጫቸው ተነስተው እጇን ያዙ።

"ቅቤው ለፈቲሀ ገንፎ ነው" አሉ።

"ለልጁስ?"

"ልጁ ይተንፍስ።"

ሃሊማ አየቻቸው፤ ቀልድ መስሏት ፈቲሀንም አየቻት። ከዚያ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።